የማዞሪያዋ አርባ ስምንት ገጽ

መስከረም 18

ለማከብርዎ አክስቴ፣

ይህ ወረቀት ጤናዎ ሙሉ፣ ጉልበትዎ ከደረጃው ጋር ታርቆ ያግኝዎት። እኛ ደህና ነን። አባባ "እህቴን በደንብ አድርገሽ ሳሚልኝ" ብሏል፤ በወረቀት እንዴት ተደርጎ እንደሚሳም ግን አልነገረኝም።

እትዬ፣ መጽሐፉ አለቀ። ከገጽ 41 እስከ 48 ያለውን ከዚህ ጋር ልኬልዎታለሁ፤ የመጨረሻዎቹ ናቸው። አለቀ ስል የእኔ ድርሻ አለቀ ማለቴ ነው። ክቦቹ እንደ ወትሮው ባዷቸውን እርስዎን ይጠብቃሉ።

አሠራራችንን ያስረዳሁት ሰው ሁሉ ይስቃል። "አንቺ ትሥያለሽ፣ አክስትሽ እዚያ ማዶ ሆና ታወራለች?" ይሉኛል። አዎ፣ እንደዚያ ነው። እኔ እሥላለሁ፤ ከሰዎቹ አፍ በላይ ባዶ ክብ እተዋለሁ፤ ቅጂውን ለእርስዎ እልካለሁ። እርስዎ ስልክ ቤት ማዞሪያ ሆነው ጥሪ እያገናኙ በሠሩባቸው አሥራ ዘጠኝ ዓመታት እነዚያ ሴቶች ምን ምን ይሉ እንደነበር በእርሳስ ይሞሉልኛል። እኔ ደግሞ ያንኑ በዋናው ሥዕል ላይ በቀለም እጽፋለሁ። አንዲት ቃል ከራሴ አልጨመርኩም። ብጨምር ያስታውቃል፤ የእኔ ሰዎች እንደ መማሪያ መጽሐፍ ነው የሚያወሩት።

ዛሬ ዓመቱን መለስ ብዬ ቆጠርኩት። ሃያ ሁለት ገጽ ሠርቼ ዘጠኝ ቀድጃለሁ። የማዞሪያውን ሰሌዳ ብቻ መቶ አሥራ አራት ጊዜ ሥዬዋለሁ፤ ቀዳዳዎቹንና ገመዶቹን ዓይኔን ጨፍኜ ማውጣት እችላለሁ። ቀን ቀን ማተሚያ ቤት ወረቀት እቆርጣለሁ፤ የምሥለውም ከመቁረጫው በሚተርፈው ቁራጭ ላይ ነው፤ ገጾቻችን ጠበብ ያሉት ለዚህ ነው። ባለፈው አንድ ደንበኛ ኮሚክ እንደምሠራ ሲሰማ "እስቲ አንድ ቀልድ ንገሪኝ" አለኝ። ቀልድ አላውቅም አልኩት። "ታዲያ ምንሽ ነው ኮሚኩ?" ብሎ ብቻውን ሳቀ።

የቅጂ ማሽናችን መስታወት ተጭሯል፤ በየገጹ ግራ በኩል ፀጉር የመሰለ መስመር ያወርዳል። የሥዕሉ አካል እንዳይመስልዎት።

ደግሞ የእጅ ጽሑፍዎ! ከገጽ 26 ወዲህ እንዴት ነው የተስተካከለው? ድሮ ፊደልዎ ወደ ቀኝ ይሮጥ ነበር፤ አሁን ተራ ይዞ ቆሟል። መነጽር ቀየሩ እንዴ?

ገጽ 44ን በደንብ ይዩልኝ። እርስዎ ነዎት፤ ገመዱን የነቀሉበት ቀን። ግማሹን ነግረውኝ መጨረሻውን ዋጡት። ምን አሉ?

ክቦቹ ሲሞሉ በሁለታችን ስም ይወጣል፣ በእርስዎና በእኔ። አሳታሚ አልፈልግም፤ ራሴ ቆርጬ ራሴ እሰፋዋለሁ። ልጅዎን ሰላም ይበሉልኝ።

እርስዎ ባወጡልኝ ስም፣
ቀለሜ


ኅዳር 2

ለቀለሜ፣ ለወንድሜ ልጅ፣

እጅሽ አይዛል፣ ዓይንሽ አይድከም። ለአባትሽ መሳሙ ደርሶኛል በይው፤ ሁለተኛ ሲስመኝ ግን ጢሙን ይላጭ።

ገጾቹ ደርሰዋል። ልጄ፣ ወንድምሽ፣ ከሥራ ሲመለስ አጠገቤ ተቀምጦ አንድ በአንድ አሳየኝ። እንዴት አድርገሽ ነው እነዚያን ሴቶች ያገኘሻቸው? አንቺ ያኔ አልተወለድሽም። ጥግ ላይ ያለችው ወፍራሟ ጫማዋን አውልቃ እግሯን የወንበሩ ብረት ላይ ስታሳርፍ ሳይ "ይቺ ልጅ ከየት ሰማች?" አልኩ። እኔ ነኝ ለካ የነገርኩሽ።

ክቦቹን ሞልቻለሁ፤ ወንድምሽ እንደ ልማዱ ለራሱ ቅጂ አስቀርቶ ልኮልሻል። ገጽ 42 ላይ አለቃችን፣ ያቺ ቁልፍ የምንላት፣ በሩ ላይ ቆማ የምትለው እንዲህ ነበር፦ "እዚህ የሰማችሁት እዚሁ ይቀራል። ኮታችሁን ብቻ ይዛችሁ ውጡ።" በየቀኑ ነው የምትለው። አንድ ቀን ኮቴን ረስቼ ብመለስ "ጎበዝ፣ አንቺስ ኮትሽንም ተውሽው" አለችኝ። እሱንም ጨምሪው።

ገጽ 44 ላይ ምንም አላልኩም። ክቡን አጥፊው።

የድሮው ስልክ ቤት አሁንም ቆሟል? የኋላ በሩን ደረጃ ሥለሽ ላኪልኝ፤ ምሳ ሰዓት እዚያ ነበር የምንቀመጠው። ወንድምሽ ሥራሽን በጣም ወዶታል። ሰው ሊያየው የሚገባ ነገር ነው ይላል።

አክስትሽ


ጥር 9

እትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሰላምታዬ ቢያጥርብዎት ይቅር ይበሉኝ፤ ዛሬ ረጅሙ አልወጣልኝ አለ።

የኋላ በሩን ደረጃ ሥዬልዎት ነበር። ሁለት ቀን ሄጄ ተቀምጬበታለሁ። አሁን አልልከውም።

ባለፈው ማክሰኞ የማተሚያ ቤቱ ባለቤት፣ ሙጫ የምንለው፣ ስልኩን ይዞ መቁረጫው ጋ መጣ።

"ይኼ ያንቺ እጅ አይደለም እንዴ?"

"የቱ?"

"ይኼ ነዋ! ይቺን ወፍራም ሴትዮ ዓመቱን ሙሉ ስታገላብጫት ነበር እኮ።"

አየሁት። የመጽሐፍ ሽፋን ነው። ሽፋኑ ላይ ያለው የእኔ ገጽ 17 ነው። ከሥሩ የልጅዎ ስም አለ። "ድርሰትና ሥዕል" ይላል።

ዘመዴ መሆኑን ስነግረው "የአጎት ልጅ ነው?" አለኝ ሙጫ።

"የአክስት።"

"እንግዲያማ ቤት ውስጥ ነው የቀረው" አለና ሄደ። ሊያጽናናኝ ብሎ ነው።

አልጮኽኩም። እዚያው ቆሜ ወረቀቴን ቆረጥኩ። አራት ሺህ ገጽ የመማሪያ ደብተር ነበር፤ አንዱም አልተዛነፈም። እጄ የሌላ ሰው ይመስል ሥራውን ይሠራል፤ እኔ ከጎኑ ቆሜ አየዋለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንደዚሁ ነኝ። አልተናደድኩም ማለቴ አይደለም። ንዴቱ የት እንዳለ አውቃለሁ፤ የተዘጋ ክፍል ውስጥ እንደ በራ መብራት ነው፣ በበሩ ሥር ይታየኛል።

መጽሐፉን አስልኬ አነበብኩት። አርባ ስምንቱም ገጽ አለ። የእርስዎ ቃላት በየክባቸው አሉ። መጨረሻው ላይ በትንንሽ ፊደል "በሥዕል ሥራ ለረዳችኝ ዘመዴ" ይላል። ዘመዱ እኔ ነኝ። ስም እንኳ የለኝም።

አንድ ነገር ግን ልንገርዎት፣ ይሳቁበት። የቅጂ ማሽናችን ጭረት በየገጹ ግራ እንዳለ ታትሟል። ልጅዎ ሥዕል መስሎት ትቶታል። አንድ ሃያሲ ደግሞ "በገጾቹ ጠርዝ የሚወርደው ቀጭን መስመር የስልክ ሽቦውንና በሴቶቹ ሕይወት ላይ ያለውን የማይታይ ክትትል ያመለክታል" ብሎ ጽፏል። የሙጫን መስታወት አደነቀለት።

የምጠይቅዎት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። "ሥዕሉን የሠራችው የወንድሜ ልጅ ናት፤ ቃላቱ የእኔ ናቸው፤ ልጄ ከዚህ ውስጥ የለበትም" ብለው ጽፈው ይፈርሙልኝ። ለአሳታሚው እልከዋለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ቀለሜ


መጋቢት 21

ውድ የወንድሜ ልጅ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ በመልካም ሁኔታ ላይ እገኛለሁ። የዚህ አገር ብርድ ቢጠናም ቤቱ ሞቃት ነው።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ስሜትሽን እረዳለሁ። ሆኖም ታሪኩ የቤተሰባችን የጋራ ታሪክ መሆኑን መዘንጋት የለብሽም። ወንድምሽ ይህን ሥራ ለአንባቢ ለማብቃት ከፍተኛ ጥረት አድርጓል። ያንቺም የሥዕል እገዛ በመጽሐፉ መጨረሻ በክብር ተጠቅሷል። የቤተሰብ ጉዳይ ወደ ውጭ መውጣቱ ማንንም አይጠቅምም። ገና ወጣት ነሽ፤ ሌሎች ብዙ ሥራዎች ትሠሪያለሽ።

ወንድምሽ ዋናዎቹን ሥዕሎች ለዐውደ ርእይ ይፈልጋቸዋል። በጥንቃቄ አሽገሽ እንድትልኪያቸው እጠይቅሻለሁ።

አክስትሽ


ሚያዝያ 2

ለእትዬ፣

እግዜር ዕድሜዎን ያርዝመው። ይህ ምርቃት የእርስዎ ነው፤ ከዚህ በታች ያለው የሌላ ሰው ነው።

ለአሳታሚው ራሴ ጽፌለት ነበር፤ መለሰልኝ። በጣም ጨዋ ደብዳቤ ነው። "ደራሲው ንግግሮቹ በእርሳስ የተጻፉባቸውን ገጾች አሳይተውናል፤ ጽሑፉ የራሳቸው የእጅ ጽሑፍ መሆኑን አረጋግጠናል። እርስዎ በረዳት ሠዓሊነት መሥራትዎን አልካዱም" ይላል። ማስረጃ ብለው የአንዱን ገጽ ቅጂ ልከውልኛል። ገጽ 31።

ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋሁት። አጠገቡ የኅዳሩን ደብዳቤ፣ አጠገቡ የመጋቢቱን። ሙያዬ ነው፤ መስመር ሳይ ነው የምውለው። ተራ ይዞ የቆመው ያ ፊደል ከሦስቱም ላይ ያየኛል። እኔ ደግሞ "መነጽር ቀየሩ እንዴ?" ብዬ አሞግሼዋለሁ!

ስለዚህ አሁን የማናግረው አንተን ነው፣ ለእናትህ የምታነብላትን። ከገጽ 26 ጀምሮ እሷ እየተናገረች አንተ ጻፍክ። ለምን እሷ እንዳልጻፈች አላውቅም። የጻፈ ሁሉ ደራሲ ከሆነ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ነው። የመጋቢቱን ደብዳቤ ግን ብቻህን ነው የጻፍከው። እትዬ በዕድሜዋ "ሁኔታ ላይ እገኛለሁ" ብላ አታውቅም። "ቀለሜ" ሳትለኝም ጽፋልኝ አታውቅም።

ዋናዎቹ ሥዕሎች ከእኔ ጋር ናቸው። ና ውሰዳቸው። መቁረጫው ስለታም መሆኑን ግን አስቀድሜ እነግርሃለሁ።

ይህን ሙሉውን አንብብላት። አንድ መስመር አትዝለል።

የእትዬ የወንድም ልጅ


ሰኔ 14

ቀለሜ

እጄ ነው። ይንቀጠቀጣል። ለዚህ ነው ፊደሉ እንዲህ የሆነው። ይህን ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። ሰላምታዬን በልብሽ ሙይው።

ዓምና ነው የጀመረኝ። ማንኪያ ከሳህኑ ጋር ሲያንኳኳ ሰማሁ፤ እኔ ነኝ። ዓይኔም አብሮ ደከመ። አፈርኩ። አንቺ እንዳታውቂ ፈለግሁ። በሁለት እጅ ስምንት ገመድ ስሰካ የነበርኩ ሴት ነኝ። ለልጄ "ጻፍልኝ" አልኩት፤ ጻፈልኝ። ደብዳቤሽንም እሱ ነው የሚያነብልኝ።

የጥር ወሩን ደብዳቤሽን ሲያነብልኝ "መጽሐፉ በመውጣቱ ደስ ብሏታል" አለኝ። እኔም "ተመስገን" ብዬ መለስኩልሽ። የመጋቢቱን አላውቀውም።

የሚያዝያው ሲመጣ ሲገልጠው የወረቀቱን ድምፅ ሰማሁ። ሦስት ገጽ ነበር። አንብቦ ሲጨርስ አንድ ደቂቃ አልሞላም። ቀለሜ፣ እኔ ደቂቃ አውቃለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ደቂቃ ስቆጥር ነው የኖርኩት። ያንንም የጥር ወሩንም ከመሳቢያው አውጥቼ ታች ለምትኖረው ልብስ ሰፊ ወሰድኩላት። ሁሉንም አነበበችልኝ። የፍርድ ቤት ጸሐፊው ጋ ስትደርስ መርፌዋን ዋጠች ብዬ ፈራሁ፤ ሳቋ ነው።

መጽሐፉ የተመረቀ ቀን ፊት ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። ያንቺ ስም እስኪጠራ ጠበቅኩ። አንዷ ተነሥታ "የሴቶቹን ንግግር ከየት አመጡት?" አለችው። "ከጭንቅላቴ" አለ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ያኔ ሁለታችሁንም ያነሣ መስሎኝ ነበር ልልሽ ፈልጌ ነበር። ውሸት ነው። ሰምቻለሁ። ኮቴን ይዤ ወጣሁ።

ያልሽውን ዓረፍተ ነገር አውቀዋለሁ። እውነት ነው። ግን ይህ ቤት የእሱ ነው። አልጋዬ የእሱ ነው። ከፈረምኩ የት ነው የምተኛው?

ጊዜ ስጪኝ። ከእንግዲህ በልብስ ሰፊዋ አድራሻ ጻፊ።

እትዬሽ


ሰኔ 30

እትዬ፣

እጅዎን በሁለት እጄ ይዤ ሰላም እልዎታለሁ። ፊደልዎ ወደ ቀኝ እየሮጠ መጣልኝ። ማንበቡ አልከበደኝም።

"ይተዉት፣ ግድ የለም" ብዬ ልጽፍልዎት ተቀምጬ ነበር። ደግ ሰው እንዲህ ነው የሚጽፈው። አልቻልኩም። ግድ አለኝ።

እዚህ ሁሉም ሰው እንድተወው ይፈልጋል። አባባ ራሱ ምሳ ላይ "ተይ እንግዲህ፣ ወንድምሽ አይደል?" አለኝ።

"ወንድም የለኝም። አንድ ልጅ ነኝ፤ አንተ ነህ ያላስከተልክልኝ።"

"አፍሽ!" አለና መብላቱን ቀጠለ። ቆይቶ ግን "እሷስ ምን አለች?" አለኝ። እርስዎን ማለቱ ነው። "የት እተኛለሁ አለች" አልኩት። ጎረሰና ብዙ ጊዜ ሳያኝክ ቆየ።

ከጥር ወዲህ አልሣልኩም። ብዕሩን አነሣለሁ፣ ቀለሙን እነክራለሁ፣ ቀለሙ እስኪደርቅ አየዋለሁ። አላለቅስም፤ የሚያለቅስ ሰው አንድ ነገር ይወጣለታል። ሦስት ዓመት የሠራሁትን ሌላ ሰው "ከጭንቅላቴ" ካለው፣ የእኔ ጭንቅላት ምኑን እንደያዘ አላውቅም።

የት እንደሚተኙ መልስ የለኝም። እኔ ያለሁበት ሩቅ ነው፤ እርስዎን የማመጣበት መንገድም የለኝም። ዓረፍተ ነገሩን ግን አሁንም እፈልገዋለሁ። ጊዜ ስጪኝ አሉኝ፤ ጊዜውን ከእኔ አይጠይቁ። የእኔን ገጾች እየሸጠ ያለው እሱ ነው፣ ጊዜም ያለው እሱ ጋ ነው።

ይህን ስጽፍልዎት እጄ አልተንቀጠቀጠም። አፍሬበታለሁ፤ ግን ደብዳቤውን አላስተካከልኩትም።

ቀለሜ


ነሐሴ 11

ለቀለሜ፣ ለወንድሜ ልጅ፣

እግርሽ እንቅፋት አይንካው። ይህን የምትጽፈው ልብስ ሰፊዋ ናት፤ ስጨርስ ከላይ እስከ ታች አንብባ ታሰማኛለች። ያንን አስምያታለሁ።

ደብዳቤሽ ክፉ ነበር። ሁለቴ አስነበብኩት። ከዚያ የተሻለውን ቀሚሴን ለበስኩና አሳታሚው ቤት ሄድኩ። ልብስ ሰፊዋ እስከ በሩ አደረሰችኝ፤ ውስጥ ግን ብቻዬን ነው የገባሁት።

በር ላይ ያለችው ልጅ "ቀጠሮ አለዎት?" አለችኝ።

"የለኝም። መስመሩ እስኪለቀቅ እጠብቃለሁ" አልኳት።

ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። በኋላ ኃላፊዋ ወጣች፤ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ደከም ያላት ሴት። ልጄ ታሟል ልላት የመጣሁ መሰላት መሰለኝ፣ እጄን ስታይ ክንዴን ያዘችኝ። ክፍሏ አስገባችኝ። ሥዕሉ የወንድሜ ልጅ፣ ቃላቱ የእኔ መሆናቸውን ነግሬአት የሚፈርሙት ወረቀት አለ ስትለኝ "በዚህ እጅ የፈረምኩትን ማን ያምነኛል? መጽሐፉን ክፈቺና ቁጥር ጥሪልኝ" አልኳት።

"የምን ቁጥር?"

"የገጽ።"

ግራ ገባት። "ሠላሳ አንድ" አለች። ሠላሳ አንድን ነገርኳት። እያንዳንዱን ክብ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ማን ምን እንዳለች። "አሥራ ሁለት" አለች። ነገርኳት። "ሃያ ስምንት።" ነገርኳት። ስድስት መቶ የስልክ ቁጥር በቃሌ የያዝኩ ሴት አርባ ስምንት ገጽ ይከብደኛል? እንዲያውም እሱ አሳጥሮ የጻፈውን ሁሉ ሞላሁላት። ወፍራሟ ምን ብላ እንደተሳደበች ስነግራት ኃላፊዋ አፏን በመጽሐፉ ሸፈነች።

(ጸሐፊዋ ነኝ፦ እኔም ስድቡን ጠይቄአት ነገረችኝ። አልጽፈውም።)

ከዚያ "አርባ አራት" አለች። አየችና "እዚህ ላይስ ክብ የለም" አለችኝ።

"አለ። ያስጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ይጽፍ የነበረው ልጄ ስለሆነ።"

ቀለሜ፣ አንቺም አሁን ስሚው። ያን ቀን ያገናኘሁት መስመር ላይ የባለቤቴ ድምፅ መጣ። የሚያናግራት ሴት እኔ አይደለሁም። የጠራት በእኔ ቁልምጫ ነው። ሌላ ማዞሪያ ብትሆን ታለቅስ ነበር። እኔ ሰዓቱን አየሁ። ልክ ሲሞላ መስመሩ ውስጥ ገባሁና "ጌታዬ፣ ሦስት ደቂቃዎ አልቋል" አልኩት። ድምፄን አወቀ። ገመዱን ነቀልኩ። ቤት ስገባ ስለዚያ አላነሣም፣ እኔም አላነሣሁም፤ እስኪሞት። ልጁን እንዴት ብዬ "ይህን ጻፍ" እለዋለሁ?

ኃላፊዋ መጽሐፉን ዘጋች። ከዚያ "ልጅዎ እዚህ መሆንዎን ያውቃል?" አለችኝ። "እኔ እነግረዋለሁ" አልኳት።

ነገርኩት። "እማ፣ ምን አደረግሽ?" አለ። "የራሴን ተናገርኩ" አልኩት። ስለ መጽሐፉ ይጠይቀኛል ብዬ ነበር። "ስለ አባቴ ለባዳ ተናገርሽ?" አለኝ። እሱ ብቻ ነው የታየው። ውጪ አላለኝም። ግን ሳህን ሲያስቀምጥልኝ ውጪ የሚል ድምፅ ነበረው። በአራተኛው ቀን ልብሴን በሁለት ከረጢት ይዤ ወረድኩ።

አሁን ታች ከልብስ ሰፊዋ ጋር ነኝ። ጠዋት ሥራ ሲሄድ ደረጃው ላይ እርምጃውን እሰማለሁ። በራችን ጋ ሲደርስ ይዘገያል። አላንኳኳም እስካሁን።

ልጄ ነው፣ ቀለሜ። ወንድምሽ ነው አልልሽም ከእንግዲህ። ልጄ ግን ነው።

እትዬሽ


መስከረም 5

ለእትዬ፣ ለማከብርዎት፣

አዲስ በሄዱበት ቤት ደህና እንቅልፍ ይስጥዎት። ልብስ ሰፊዋንም እጇን ይባርከው፤ ስድቡን ግን እንድትጽፍልኝ እለምናታለሁ።

አሳታሚው ጽፎልኛል። ያሉት ቅጂዎች ከመደርደሪያ ወርደዋል። ሁለተኛው ኅትመት በሁለት ስም ይወጣል፤ የእርስዎ ከላይ፣ የእኔ ከሥር። እኔ ነኝ እንደዚያ እንዲሆን የጠየቅኩት። ገጽ 44 ላይ ክቡን መልሼ ሥዬ ልኬአለሁ። አራት ቃል ነው፤ ሳምንት ሙሉ የፈጀብኝ ፊደሉን መምረጥ ነው። ጮክ ያለ እንዳይመስል፣ የተሰበረም እንዳይመስል።

የሽፋኑን ናሙና ላኩልኝ። ስሜን አየሁት። ደስ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ቆምኩ። ምንም አልመጣም። ሙጫ አይቶ "ታዲያ ይኼው ወጣልሽ፣ ምን ያኮሳትርሻል?" አለኝ። ደንበኛ ሲጠራው ሄደ። እኔም ወደ መቁረጫው ተመለስኩ።

ዓመቱን ደግሞ ቆጠርኩት፣ እንደ ዓምናው። የተሠራ ገጽ፦ አንድ ክብ። የተጻፈ ደብዳቤ፦ ለአሳታሚው አሥራ አንድ፣ ለእርስዎ ከዚህ ጋር አምስት። የጠፋ ሰው፦ አንድ የአክስት ልጅ። አልናፈቀኝም። ይቅርም አላልኩት፤ በሩን ቢያንኳኳ መክፈት አለመክፈት የእርስዎ ነው፤ በእኔ ስም ግን አይክፈቱለት።

ደብዳቤዎቼን ቅጂ አስቀምጣለሁ፤ ትናንት አውጥቼ አነበብኳቸው። ሁሉም ላይ አንድ ነገር እጠይቅዎታለሁ። ክቡን ይሙሉልኝ። ምን አሉ? ይፈርሙልኝ። እርስዎ ሃያ ዓመት ሳይሞላዎት የተቀመጡበትን ወንበር እግር፣ የሰሌዳውን ቀዳዳ ብዛት፣ የአለቃዎን የቁልፍ ጥርስ አውቃለሁ። አሁን የሚኖሩበትን ክፍል አላውቀውም። ላይኛውንም አላውቀው ነበር። ማንኪያዎ ሲያንኳኳ ዓመት ሙሉ አልሰማሁም፤ ፊደልዎ አማረ ብዬ ጻፍኩ።

ይቅርታ የምለው ዓረፍተ ነገሩን ስለጠየቅኩ አይደለም። አሁንም ቢሆን እጠይቃለሁ። ይህንን ሌላውን ስላልጠየቅኩ ነው።

ስለዚህ፦ አልጋዎ ግድግዳው ጥግ ነው ወይስ መኻል? የልብስ መስፊያው ድምፅ ያስተኛዎታል? ጠዋት ማን ነው ቀድሞ የሚነሣው? ከረጢቶቹን ፈቱ ወይስ እንደታሰሩ ናቸው? መስኮቱ በየት በኩል ነው?

ልሥለው ብዬ አይደለም።

ቀለሜ